ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በጦር ሜዳ ለመግዛት በተጻፉ ሰነዶች ላይ የቀረበ ሒስ

ሒስ ሲባል ልብ ወለድንና ግጥምን ብቻ የሚመለከት የሚመስላቸው አንባቢያን ይኖራሉ። በዚህ እትም የምንመረምረው ግን አንድም ደራሲ ስሙን ያላሰፈረበትን የጽሑፍ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ኃያላን መንግሥታት ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለጦርነት በሚያውሉበት ጊዜ ራሳቸውን ይገዙበት ዘንድ ያወጧቸውን ሰነዶች ነው። ሰነዶቹ እንደ ማንኛውም ድርሰት በቃላት የተሠሩ ስለሆኑ በቃላታቸው ሊመዘኑ ይገባል። ከሌላው ድርሰት የሚለዩት በአንዲት ቅጽል አመራረጥ የሰው ሕይወት የሚጠፋ ወይም የሚተርፍ በመሆኑ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከስሙ እንነሣ። የአገራችን ተርጓሚዎች ለዚህ አዲስ ጥበብ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚል ስም አውጥተውለታል። በአማርኛ ግን ማስተዋል ማለት ማወቅ ብቻ አይደለም። አስተዋይ የምንለው ብዙ ያወቀውን ሳይሆን፣ ያወቀውን ከመፈጸሙ በፊት ቆም ብሎ የሚያመዛዝነውን፣ ነገ የሚያስከትለውን ዛሬ የሚያየውን ሰው ነው። ለዕርቅ የተቀመጠ ሽማግሌ ሁለቱን ባላጋራዎች «አስተውሉ» ሲላቸው ተጨማሪ መረጃ ሰብስቡ ማለቱ አይደለም። መሣሪያው የሚሠራው ሥራ ደግሞ ሌላ ነው፤ ያለፉ ምሳሌዎችን በሚሊዮን ቆጥሮ፣ አዲስ የቀረበለት ነገር ከየትኛው ጋር እንደሚመሳሰል በስሌት ይገምታል። እንግዲህ መሣሪያው የሌለውን ጠባይ በስሙ ተሸክሞ ወደ ቋንቋችን ገብቷል ማለት ነው። ይህን የምንለው ተርጓሚዎቹን ለመውቀስ አይደለም፤ የተሻለ ቃል ይዘን አልቀረብንም።

ደግሞም የስም ጣጣው የአማርኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሰው አልባ አውሮፕላኖች ያነሡትን ፊልም በኮምፒዩተር ለማስመርመር በኤፕሪል 2017 ያቋቋመው ፕሮጀክት «ማቨን» ይባላል። ቃሉ ከዕብራይስጥ ተነሥቶ በይዲሽ በኩል እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን ትርጉሙ «የሚያስተውል፣ አዋቂ» ነው። የእስራኤል ሠራዊትም በጋዛ የሚመቱ ሕንፃዎችን የሚጠቁምለትን ሥርዓት «ሀብሶራ» ብሎ ሰይሞታል። ግእዝ ለቀመሰ አንባቢ ይህ ቃል ትርጓሜ አያሻውም፤ ያው የእኛው «ብሥራት» ነው። ብሥራተ ገብርኤልን የሚያከብር ሕዝብ ልጆች ስለሆንን፣ ቦምብ የሚወድቅበትን ቤት ለሚያመለክት መሣሪያ ይህ ስም ሲሰጠው ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። «ላቬንደር» የተባለም አለ፤ የመልካም መዓዛ አበባ ስም ነው። ወደ እርሱ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሰነዶቹ እንለፍ። ከሁሉ ቀደም ብሎ የተጻፈው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር መመሪያ ቁጥር 3000.09 ሲሆን፣ በኖቬምበር 2012 ወጥቶ በጃንዋሪ 2023 ታድሷል። ስለዚህ መመሪያ በሰፊው የሚወራው ሰው ሳያዝ የሚገድል መሣሪያን ከልክሏል የሚለው ነው። ይህ ሐሰት ነው። መመሪያው የሚጠይቀው እንዲህ ያለ መሣሪያ ከመሠራቱና ከመታጠቁ በፊት ከፍተኛ ባለ ሥልጣኖች እንዲመረምሩት ነው፤ አስቸኳይ ወታደራዊ ችግር ሲያጋጥም ደግሞ ይህ ምርመራ በምክትል ሚኒስትሩ ፈቃድ ሊታለፍ እንደሚችል ራሱ ይናገራል።

የመመሪያው እምብርት የሆነው ዓረፍተ ነገር፣ መሣሪያዎቹ አዛዦችና ተኳሾች በኃይል አጠቃቀም ላይ ተገቢ መጠን ያለው የሰው ፍርድ ለመስጠት እንዲችሉ የሚያደርጉ ሆነው ይሠራሉ የሚል ነው። ይህን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሞከረ ሰው ወዲያው ይሰናከላል። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን ነው? አዛዡ አይደለም። ተኳሹም አይደለም። ባለቤቱ መሣሪያው ነው። መሣሪያው ለሰው ፍርድ በር ከፍቶ ይጠብቃል፤ ሰውየው በበሩ መግባት እንዳለበት፣ ገብቶም ፍርዱን መስጠት እንዳለበት ግን ዓረፍተ ነገሩ አይናገርም። መፍቀድና ማስገደድ የተለያዩ መሆናቸውን የሕግ ጸሐፊዎች ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉና ይህ የብዕር ስሕተት ነው ለማለት አንደፍርም።

«ተገቢ» የምትለዋ ቅጽልም እንዲሁ ናት። በጄኔቫ ስብሰባ ላይ የአሜሪካ መልእክተኞች በ2018 ባቀረቡት ማብራሪያ ለሁሉም መሣሪያና ለሁሉም ሁኔታ የሚሆን አንድ የተወሰነ መጠን የለም ብለዋል። ነገሩ ፈጽሞ መሠረት የለውም አንልም፤ በውቅያኖስ መካከል የሚመጣን ሚሳይል የሚመክት መድፍና በከተማ መካከል ሰውን የሚፈልግ ቦምብ አንድ ዓይነት ጥንቃቄ አይጠይቁም። ነገር ግን ልኩ የማይታወቅ ቁና የሚሰፍረው ለባለ ቁናው ነው። «ተገቢ ነበር ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ማን እንደሆነ ካልተጻፈ፣ ተገቢነቱን የሚወስነው ራሱ የተኮሰው ክፍል ይሆናል።

በሰዋስው «ባለቤት» የምንለው ቃል በኑሮም የቤቱን ጌታ፣ የትዳርን ጓደኛ የምንጠራበት ነው። ባለቤት ማለት የሚጠየቅ ማለት ነው። ባለቤት የሌለውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ እኛ ከባዕድ ሰነድ አልተማርነውም። በ1977 እና በ1978 በቀይ ሽብር ዘመን ስንት ሺህ ወጣት «እርምጃ ተወሰደበት» ተብሎ ተነገረለት! ማን ወሰደ? ግሡ «ተ»ን ከፊቱ አስቀድሞ አድራጊውን ከኋላው ይሸሽጋል። ቀበሌው ከበላይ የመጣ ነው ይል ነበር፤ የበላዩ ቀበሌው ያጣራው ነው ይል ነበር፤ ዝርዝሩ ብቻ በመካከላቸው ይመላለስ ነበር። በዚህ ዓይነት አማርኛ የወንድሞቹንና የእኅቶቹን ሞት የሰማ ትውልድ ያሳደገን ልጆች፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር ስናይ ለማወቅ ጊዜ አይፈጅብንም።

ሁለተኛው ሰነድ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በወታደራዊ ተግባር በኃላፊነት ስለመጠቀም አሜሪካ ያቀረበችው የፖለቲካ መግለጫ ነው። በፌብሩዋሪ 2023 በሄግ በተደረገው ጉባዔ ላይ ይፋ ሆኖ፣ የመጨረሻው ቅጂ በኖቬምበር 2023 ወጣ፤ ከ50 የሚበልጡ መንግሥታትም ደግፈውታል። በሕግ የሚያስገድድ አይደለም። መልካም ነገሮች እንዳሉበት መካድ ፍትሐዊ አይሆንም፤ አጠቃቀሙ ለዓለም አቀፍ ሕግ እንዲገዛና ኃላፊነት ባለው የሰው የዕዝ ሰንሰለት ውስጥ እንዲሆን፣ መሣሪያዎቹ በሚገባ እንዲፈተኑ፣ ያልታሰበ ነገር ማድረግ ከጀመሩም የሚጠፉበት መንገድ እንዲኖር ይላል። የዓረፍተ ነገሮቹ ባለቤት ግን «መንግሥታት» ናቸው፤ ዝቅ ሲል «የሚመለከታቸው ባልደረቦች»፣ ከፍ ሲል «ከፍተኛ ባለ ሥልጣኖች» ይባላል። ወደ ቃታው በተጠጋ ቁጥር ባለቤቱ እየደበዘዘ ይሄዳል።

የዚህን መግለጫ ሁለት ቅጂዎች ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ እጅግ ይጠቅማል። በፌብሩዋሪው ቅጂ ውስጥ፣ የኑክሌር መሣሪያን ስለመጠቀም በሚሰጥ ውሳኔ ላይ ወሳኝ በሆነው ተግባር ሁሉ መንግሥታት የሰውን ቁጥጥርና ተሳትፎ ሊጠብቁ ይገባል የሚል አንቀጽ ነበረ። በኖቬምበሩ ቅጂ ውስጥ የለም። በመግለጫው ውስጥ ከነበሩት ሁሉ እጅግ ግልጹ፣ «ተገቢ» የሚል መሸሸጊያ ያልነበረው አንቀጽ ነው የወጣው። ከዓመት በኋላ በኖቬምበር 2024 የአሜሪካና የቻይና ፕሬዚዳንቶች ሊማ ላይ ሲገናኙ ያንኑ ሐሳብ በቃል አረጋገጡ። የተጻፈው ተሰርዞ የተነገረው ቀረ እንደ ማለት ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ከሥልጣን ሲወርዱ ደግሞ ቃሉ በማን ላይ እንደሚቀር እንጃ።

ሰነድ ጻፊውም ሰራዡም አንድ ሲሆን የሚመጣው ይኸው ነው። በ2018 ከ3,000 የሚበልጡ የጉግል ሠራተኞች ኩባንያቸው ከማቨን ፕሮጀክት እንዲወጣ ፈርመው ጠየቁ፤ ኩባንያውም ውሉን እንደማያድስ አስታውቆ፣ ጥበቡን ለጦር መሣሪያ እንደማያውል በመመሪያው ላይ ጻፈ። በፌብሩዋሪ 2025 ይህን ቃል ከመመሪያው ላይ አነሣው። በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ምሕንድስናና ኮምፒዩተር የምታጠኑ ጓዶች ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ልታውቁት ይገባል። ነገ ፈርማችሁ የምትገቡበት የሥራ ውል ከዚህ ዓይነት ቃል ጋር ይቀርብላችኋልና።

ወደ ላቬንደር እንመለስ። በኤፕሪል 2024 «972» የተባለው የእስራኤላውያንና የፍልስጥኤማውያን ጋዜጠኞች መጽሔት ስድስት የእስራኤል የስለላ መኮንኖችን አነጋግሮ አንድ ዘገባ አወጣ። እንደ ዘገባው ከሆነ ይህ ሥርዓት የጋዛ ነዋሪዎችን መረጃ አበጥሮ በጦርነቱ መጀመሪያ ሳምንታት እስከ 37,000 የሚደርሱ ሰዎችን በታጣቂነት ጠርጥሮ መዝግቧል፤ ከመቶ አሥር ያህሉን እንደሚሳሳት ይታወቅ ነበር፤ አንድ መኮንንም የአንዱን ሰው ስም ከማጽደቁ በፊት ሃያ ሴኮንድ ያህል ይወስድበት ነበር፤ በዚያም ጊዜ ውስጥ የሚያጣራው በዋናው ሰውየው ወንድ መሆኑን ነበር። የእስራኤል ሠራዊት ይህን አስተባብሏል፤ ሥርዓቱ የስለላ ምንጮችን የሚያመሳክር የመረጃ ቋት እንጂ የሚገደሉ ሰዎች ዝርዝር አይደለም፣ እያንዳንዱን ዒላማ መርማሪዎች በራሳቸው ያጣራሉ ብሏል። የሁለቱን ወገን ቃል እንደተሰጠ አቅርበናል። የመኮንኖቹ ቃል እውነት ከሆነ ግን ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ከ37,000 ውስጥ 3,700 ሰው በስሕተት በዝርዝር ገብቷል። ከየሰዎቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያደሩት ሚስቶችና ልጆች ደግሞ በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገኙም።

እዚህ ላይ ብዙዎቹ ተቺዎች የሚስቱት ነገር አለ። ላቬንደር አይተኩስም። ክንፍ የለውም፣ አፈሙዝ የለውም። ዝርዝር ያወጣል፤ ሰው ያጸድቀዋል፤ ሌላ ሰው በአውሮፕላን ሄዶ ይጥላል። ስለዚህ «ራሱን ችሎ የሚገድል መሣሪያ ይታገድ» የሚለው መፈክር ቢፈጸም እንኳ ላቬንደር ሳይነካ ይቀራል። ዓለም ሁሉ የብረት ወታደር ይመጣል ብሎ ወደ በሩ ሲመለከት፣ ጸሐፊው በጓዳ በኩል ገብቶ መዝገቡን ዘርግቷል። ለዚህ ሥርዓት «የሰው ፍርድ አለበት ወይ?» የሚል ጥያቄ ቢቀርብ መልሱ «አዎን፣ ሃያ ሴኮንድ አለበት» ይሆናል። የሦስት ሰው እጅ ነክቶታል፤ ሦስቱም ግን «እኔ አይደለሁም» ለማለት ይችላሉ። መርማሪው መሣሪያው አወጣው ይላል፤ አብራሪው የተሰጠኝን መታሁ ይላል፤ አዛዡ ሁለቱም ሥርዓቱን ተከትለዋል ይላል። ቀይ ሽብርን የጠቀስነው ለዚህ ነበር።

በሌላው ወገን የቆሙት ሰዎች የሚያቀርቡት ክርክር አለ፤ በንቀት ልናልፈው አይገባም። መሣሪያ አይደነግጥም፣ አይቆጣም፣ የጓደኛውን ደም አይበቀልም ይላሉ። በጁላይ 3 ቀን 1988 የአሜሪካ የጦር መርከብ ቪንሰንስ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ላይ የኢራንን የመንገደኞች አውሮፕላን መትቶ 290 ሰው ሲፈጅ፣ የመርከቡ ኮምፒዩተር አውሮፕላኑ ወደ ላይ በመውጣት ላይ መሆኑን በትክክል መዝግቦ ነበር፤ ወደ ታች እየወረደብን ነው ብለው የተደናገጡት ሰዎቹ ናቸው። ይህ እውነት ነው። የተቃራኒውም ምሳሌ እውነት ነው፤ በሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 የሶቪየት ኮምፒዩተር ከአሜሪካ አምስት ሚሳይሎች ተተኩሰዋል ብሎ ሲያስጠነቅቅ፣ በዘበኝነት ላይ የነበረው ስታኒስላቭ ፔትሮቭ የተባለ መኮንን «ጦርነት በአምስት ሚሳይል አይጀመርም» ብሎ አመዛዝኖ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ነው ሲል ሪፖርት አደረገ። በኋላም ሳተላይቱ ያየው በደመና ላይ ያረፈ የፀሐይ ነጸብራቅ ሆኖ ተገኘ።

ሁለቱን ምሳሌዎች አንዱን በአንዱ መትቶ ሰው ይሻላል ወይስ መሣሪያ ብሎ መከራከር ልማድ ሆኗል። እኛ ግን ሌላ ነገር እናይባቸዋለን። ፔትሮቭ ደቂቃዎች ነበሩት፤ እንቢ ለማለትም ቦታ ነበረው፤ ቢሳሳት ደግሞ ሪፖርቱ ላይ ያለው ስም የእርሱ ነበር። የላቬንደሩ መኮንን ሃያ ሴኮንድ ብቻ ከነበረው ፔትሮቭን የሚያህል ልብ ቢኖረውም የሚያውልበት ጊዜ አልነበረውም። በቪንሰንስ ላይ ግን ማንም ለፍርድ አልቀረበም፤ የመርከቡ አዛዥ በዚያ የአገልግሎት ዘመኑ በ1990 ሜዳልያ ተሸለመ፤ አሜሪካ በ1996 ጥፋቱን ሳታምን ለሟቾቹ ቤተ ሰቦች ካሣ ለመክፈል ተስማማች። ሰነዶቹ «የሰው ፍርድ» ብለው ሲያልፉ የሚዘሉት ይህንኑ ነው። ጊዜ የሌለው፣ እንቢ ለማለት መብት የሌለው፣ ቢሳሳት የማይጠየቅ ሰው ፍርድ ሰጠ አይባልም፤ ማኅተም አደረገ ነው የሚባለው።

ከሰነዶቹ ሁሉ በአጻጻፍ ይሻላል ብለን የምንመርጠው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በሜይ 2021 ያቀረበውን አቋም ነው። ምን እንደሚያደርሱ በቅጡ ሊታወቅ የማይችሉ መሣሪያዎች ይከልከሉ፤ ሰውን ዒላማ እንዲያደርጉ የተሠሩ ይከልከሉ፤ ለቀሩት ደግሞ የሚሠሩበት ጊዜ፣ ስፍራና የዒላማ ዓይነት ይወሰን ይላል። «ይከልከል» የሚል ግሥ መጠቀሙ ብቻ ከሌሎቹ ይለየዋል። ጉድለቱ ከላይ እንዳልነው ነው፤ ዝርዝር የሚያወጣውን መዝገብ አይነካም። የጄኔቫው ድርድር ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ሲጓተት ኖሯል፤ በሙሉ ስምምነት ካልሆነ አይወሰንም በሚለው ደንቡ ምክንያት አንድ መንግሥት ብቻውን ሁሉን ሊያግድ ይችላል። በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ በዲሴምበር 2024 በዚሁ ጉዳይ ላይ በቀረበው ውሳኔ 166 መንግሥታት ሲደግፉ የተቃወሙት 3 ብቻ ነበሩ፤ ውሳኔው ግን ማንንም አያስገድድም።

የሚያስገድድ ውል ከተፈረመ ሁሉም ይስተካከላል የሚሉ ጓዶችም የራሳችንን ታሪክ ያስታውሱ። የመርዝ ጋዝን የከለከለው የ1925 የጄኔቫ ፕሮቶኮል የጸና ሕግ ነበር፤ ኢጣልያም ኢትዮጵያም ገብተውበት ነበር። በ1935 እና በ1936 የፋሽስት አውሮፕላኖች ጋዙን በሠራዊታችንና በባላገሩ ላይ ሲያዘንቡት የመንግሥታት ማኅበር አላስቆመም፤ የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ድርጊቱን በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሕግ አይጠቅምም የሚል አለ፤ እኛ ግን አንስማማም። ሕጉ ባይኖር ኖሮ የሚታመን ወንጀል ራሱ አይኖርም ነበር። የጎደለው ወንጀሉን በሰው ስም መዝግቦ የሚጠይቅ ነው።

ስለዚህ ያንን የመመሪያ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ እንደገና ጽፈነዋል። ባለቤቱ ሰው እንዲሆን አድርገናል፦ «ሰው እንዲገደል ያዘዘ አዛዥ ስሙን ይጽፋል፤ በምን ማስረጃ እንዳዘዘ ይጽፋል፤ ለማመዛዘን ምን ያህል ጊዜ እንደነበረው ይጽፋል፤ ማስረጃው ከመሣሪያ የመጣ እንደሆነ መሣሪያው ከመቶ ስንቱን እንደሚሳሳት ይጽፋል፤ ያለ አግባብ ሰው የሞተ እንደሆነ በዚሁ ጽሑፍ ይጠየቃል።» በጦርነት ፍጥነት ይህ አይሞከርም የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ነገር ግን ሠራዊት ሁሉ ነዳጁንና ጥይቱን ይቆጥራል፤ እነዚህ መሣሪያዎች ደግሞ እያንዳንዱን ሴኮንድ በራሳቸው የሚመዘግቡ ናቸው። የሚቸግረው መጻፉ ሳይሆን የተጻፈው መነበቡ ነው።

ዓረፍተ ነገሩ ይሠራ እንደሆነ በአገራችን በሆነ ነገር እንፈትነው። በጃንዋሪ 7 ቀን 2022፣ በገና ሌሊት፣ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ደደቢት በተባለ ስፍራ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት የትምህርት ቤት ቅጥር በሰው አልባ አውሮፕላን ተመትቶ ከ50 በላይ ሰው አለቀ። በስፍራው የቱርክ ሥሪት ቦምብ ስብርባሪ መገኘቱን መርማሪዎች ገልጸዋል። መሣሪያው ራሱን ችሎ የሚወስን አልነበረም፤ ከሩቅ ሆኖ ሰው የሚያዝዘው ነበር፤ በሰነዶቹ ቋንቋ «የሰው ፍርድ» ያልተለየው ነው። ከዚያም ወዲህ በአማራና በኦሮሚያ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ሰላማዊ ሰዎችን መግደላቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። በደደቢቱ ላይ መስመሮቹን እንሙላ። ያዘዘው አዛዥ ስም፦ በይፋ ሲነገር አልሰማንም። ማስረጃው፦ ባዶ። ለማመዛዘን የነበረው ጊዜ፦ ባዶ። የተሞላው መስመር አንድ ብቻ ነው፤ የሟቾቹ ቁጥር። እርሱም ቢሆን ከረድኤት ሠራተኞችና ከመርማሪዎች የተገኘ እንጂ ትእዛዙን ከሰጠው ክፍል የመጣ አይደለም።